ሠላሳ ሰባተኛው ክር

ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ በሦስት ሰው የተያዘ፤
ያንዱ ሰው ዓይኑ ደክሟል፣ ያንዱ እጁ ደነዘዘ፣
ሦስተኛው ላማ ሊሸጥ ወደ ቆላ ተጓዘ።
«ጠብቂ» አሉኝ፤ ጠበቅሁ፣ አራት ቀን ካራት ሌሊት፣
ደመና ከእግር በታች በሚያድርባት ባባቴ ርስት፤
ዋይላካንቻ ትባላለች፣ ካርታ የዘለላት።

ባምስተኛው ቀን ማለዳ ሦስቱም ቁልፍ ገጠመ።
ክዳኑ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አቃስቶ ቆመ።
ወጣ ያ የጥንት መዝገብ፤
ብራና አይደል፣ ቀለም አያውቅ፣ ፊደል የለው የሚነበብ፤
ክር ነው። ካንድ ወፍራም ገመድ የተንጠለጠለ ክር፣
ቡኒ፣ ነጭ፣ የጭቃ ቀይ፣ ገሚሱን ብል የበላው፣ ገሚሱ ዛሬም የሚያምር፤
በየክሩም ቋጠሮ፣ ቋጠሮ ላይ ቋጠሮ፣
ስንት ዘር፣ ስንት ዕዳ፣ የስንቱ ሰው ኑሮ
አፍ ሳይኖረው ተናግሮ፣ ሰሚ አጥቶ ተቀብሮ።

መነጽሬን አወጣሁ፤ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣
«ክር አንድ፦ ዐሥራ አራት፤ ክር ሁለት፦ ዘጠኝ» ስል በለሆሳስ፣
ዶን ሳቱርኒኖ ቾኬ እጄን ያዙኝ፣ ለቀቅ፣ ዳሰስ።
«ዓይን ሌባ ነው ልጄ፤ ሳይገባው ጠቅልሎ ይሄዳል፤
ጣት ግን ድኻ ነውና፣ ያገኘው ደጅ ላይ ይቆያል።
ጨፍኚ» አሉ።
አፈርኩ። ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ዲግሪ የጫንኩ ሴት፣
እንደ ጨቅላ ዳበስኩ፣ በዚያ በጓዳው ቅዝቃዜ፣ በሰም ሽታ ቤት።

ስንቅ ይቋጠራል፣ መንገደኛ ሲነሣ፤
ፍሬ ይቋጠራል፣ አበባ ሲረግፍ፣ ሲሳሳ፤
ቂምም ይቋጠራል፣ በዚያው ጣት፣ በዚያው ክር፣ አንዲት ቃል ሳትረሳ።
እኔም ያባቴን ቅሪት፣ ያቺን የድንች ተረተር፣
ወንድሜ ቴዎፊሎ ድንጋይ ክቦ የከለላትን ባጥር፣
ሰባት ዓመት ቋጠርኩ፣ በየዓመቱ አጠበቅኩ፤
ሊማ ላይ መብራት አብርቼ፣ የሙታንን ሒሳብ ልፈታ እያልኩ አደርኩ፣
የራሴን ሳልነካ፣ የሰው ስፈታ ኖርኩ።

ሠላሳ ሰባተኛው ክር ላይ ጣቴ ባዶ አገኘ።
ወረደ፣ ተመለሰ፣ አንዳች ነገር ተመኘ።
ቋጠሮ የለም።
ክሩ ግን ቀጥ አላለም፤ ሦስት ቦታ ዞሮ፣ ጎብጦ፣
እግር ብረት እንደ ወለቀለት ቁርጭምጭሚት፣ ምልክቱ ተቀምጦ።

«ተበላሽቷል?» አልኳቸው።
ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ነው፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ።
«ተፈትቷል እንጂ ልጄ። ዕዳ ነበር ይላሉ፤
ሦስት ከረጢት በቆሎ ይሁን፣ ያንድ ሰው ደም፣ እኔ እንጃ፤
የማውቀው፣ የተበደለው ሰው መጣ፣ ቆመ ከዚህ ደጃ፣
ጀንበር ሳትጠልቅ፣ በሸንጎ ፊት፣ ማንም ሳይጎትተው፣
በገዛ ጥፍሩ ፈታው።
ተመልከቺ፣ ሱፉ አልረሳም፤ ታጥቦም፣ ተጎትቶም አይቃና።
ማስታወስ ሌላ፣ መታሰር ሌላ ነውና።»

በደብተሬ ለባዶ ክር አንድ ምልክት ነው ያለኝ፣ ዜሮ።
ጻፍኩት። ሰረዝኩት። አስተማሪዬ ማስረጃ ትላለች፣ ይሄ ደግሞ ያንድ ሽማግሌ ወሬ፣ ያንድ ገመድ ሽክርክሮ።
ቦታውን ክፍት ተውኩት።
ሣጥኑን ሦስት ሆነው ቆለፉ፤ ወጣሁ፣ ስንብቴንም በቅጡ አልተናገርኩት።

ወደ አውቶቡሱ መንገድ ያለው በዚያው ባጥሩ ጥግ ነው።
ቴዎፊሎ ከወዲያ ድንች ይቆፍራል፣ ጀርባው ነው ወደኔ የዞረው።
ሸብቷል። ማን ነገረኝ?
ከአጥሩ ጫፍ አንድ ድንጋይ አነሣሁ፤ ከመሰለኝ በላይ ከበደኝ።
ውሻው ጮኸ። ወንድሜ ቀና አለ፣ እጄን አየ፣ ድንጋዩን፣
ሊወረወርበት መሰለው፣ መቼስ ምን ያስብ፣ ሌላውን?
ግንባሩ ተጨማዷል፣ ልክ እንደዚያ ክር፤
የኔም እንዲሁ ይሆናል፣ ሳላይ የኖርኩት ነገር።
እኔ ድንጋዬን፣ እሱ ዶማውን እንደያዝን፣ በነፋሱ ዳር፣
ቆመናል፤ ማን ይጀምር?